አጥንት ደረቅ እንጨት አይደለም

በዚህ እትም ስለ ሰው ልጅ የአጥንት ሥርዓት ጥቂት ለማለት ብዕሬን አንስቻለሁ። ርዕሱ አዲስ አለመሆኑን አውቃለሁ። ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ «አጥንት ሰውነትን ይደግፋል፣ የውስጥ አካላትን ይከላከላል፣ ለመንቀሳቀስ ይረዳል» እያልን ሸምድደናል፤ ለፈተናም ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። ችግሩ ብዙዎቻችን እዚያው ላይ መቆማችን ነው። የላቦራቶሪውን የፕላስቲክ አጽም ስናይ ከርመን በአእምሯችን የቀረው ሥዕል ነጭ፣ ደረቅ፣ የሞተ ነገር ነው፤ ልክ እንደ ድንኳን ምሰሶ። እውነቱ ግን አጥንት ደም የሚጠጣ፣ የሚያድግ፣ የሚፈርስና መልሶ የሚገነባ ሕያው አካል ነው። ይህን አለማወቅ ደግሞ በእኛው አካባቢ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ እጅና እግር ያስቆርጣል። ማጋነን እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩን ከሥር ከሥሩ ይዤ ልምጣ።

ስለ ቁጥሩ

በቁጥሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ያደገ ሰው 206 አጥንቶች አሉት። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ወደ 270 ይደርሳል። የት ጠፉ? አልጠፉም፤ እያደግን ስንሄድ አንዳንዶቹ እርስ በርስ ይጋጠሙና አንድ ይሆናሉ። የራስ ቅልና የጀርባ አጥንት መጨረሻ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከ206ቱ ውስጥ 80ዎቹ የራስ ቅልን፣ የጀርባ አጥንትንና የጎድን አጥንቶችን የያዘው የመሐል ዘንግ ናቸው፤ 126ቱ ደግሞ የእጅና የእግር፣ እንዲሁም እነሱን ከግንዱ ጋር የሚያያይዙት ናቸው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ፦ በእያንዳንዱ እጅ ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ 27፣ በእያንዳንዱ እግር ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት 26 አጥንት አለ። ደምሩት፤ 106 ይመጣል። ከጠቅላላ አጥንታችን ከግማሽ በላዩ በእጅና በእግር መዳፍ ውስጥ ነው ማለት ነው። ብዕር መያዝም ሆነ በሐረጎ ዳገት ሚዛን ጠብቆ መራመድ በነፃ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ሥጋ ቤቱ ጥሩ ላቦራቶሪ ነው

አጥንት ምን እንደሆነ በትክክል ማየት የፈለገ ተማሪ ከፕላስቲኩ አጽም ይልቅ ወደ ሥጋ ቤት ቢሄድ ይሻለዋል። በመጋዝ የተቆረጠ የበሬ ቅልጥም ተመልከቱ። ከላይ ቢላ ሲፋቅበት የሚነሳ ስስ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን የደም ሥርና ነርቭ የሞላበት ነው፤ ጥርስ የሚያስነክሰው የስብራት ሕመም በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ከሽፋኑ ሥር እንደ ድንጋይ የጠነከረው ክፍል ይመጣል። ወደ ጫፎቹ ስትሄዱ ደግሞ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ወይም እንደ እንጀራ ዓይን የተቦረቦረ ነው። ይህ ቀዳዳ ሁሉ በዘፈቀደ የተሠራ እንዳይመስላችሁ፤ ቀጫጭኖቹ ግድግዳዎች የተደረደሩት ክብደቱ በሚያርፍበት አቅጣጫ ነው። ቅልጥሙ መሐል ያለው ቢጫ ነገር ሁላችንም የምንወደው መቅኔ ነው፤ አብዛኛው ስብ ነው። የጎድን ወይም የጀርባ አጥንት ከቆረጣችሁ ግን መቅኔው ቀይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ደም የሚሠራው እዚያ ነው። በሰውም እንዲሁ ነው፤ ቀዩ መቅኔ በየሴኮንዱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቀይ የደም ሴሎችን ያመርታል።

ስለ ደም ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች። ከፍ ባለ ቦታ ኦክስጅን ስለሚሳሳ መቅኔው ቀይ ሴል ያበዛል ተብለን ተምረናል። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን መጠናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይለይ አሳይተዋል። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ግን ደማቸው በእጅጉ ይወፍራል። ደጋ ለዘመናት የኖረ ሕዝብ ሌላ መላ አግኝቷል ማለት ነው። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ለሌላ ጸሐፊ ልተወው።

ወደ አጥንቱ እንመለስ። ቤታችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ሙከራ አለ። ከዶሮ ወጥ የተረፈ ሁለት የቅልጥም አጥንት ውሰዱ። አንዱን ኮምጣጤ ውስጥ ከትታችሁ ለአንድ ሳምንት ያህል ተዉት፤ ኮምጣጤውን አንድ ሁለቴ ቀይሩት። ሌላውን ከሰል ላይ በደንብ አቃጥሉት። ኮምጣጤ ውስጥ የከረመው እንደ ጎማ ይተጣጠፋል፤ የተቃጠለው ቅርፁን እንደያዘ በጣት ስትነኩት ይፈረፈራል። ኮምጣጤው ካልሲየምና ፎስፈረስ ያለበትን ማዕድን አሟሟው፤ እሳቱ ደግሞ ኮላጅን የተባለውን ክር የመሰለ ፕሮቲን አቃጠለው። አጥንት የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ በክብደቱ ወደ ሁለት ሦስተኛው ማዕድን ነው። ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጭቃው ብቻውን ቢሆን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭዱ ብቻውን አይቆምም። ሁለቱ ሲቦኩ ግን ዘመን የሚሻገር ግድግዳ ይወጣቸዋል።

የሕፃናት አጥንት ከአዋቂው ይልቅ ተለማጭ ነው፤ ጭዱ ያየለበት ጭቃ በሉት። ለዚህም ነው የልጅ እጅ ብዙ ጊዜ ቀጭ ብሎ ከመሰበር ይልቅ እንደ እርጥብ ጭራሮ በአንድ ጎኑ ብቻ ተሰንጥቆ የሚጎብጠው። ሐኪሞችም ስያሜውን ያወጡለት ከእርጥብ እንጨት ነው። ልጅ አጥንቱ ጫፍ አካባቢ የማደጊያ ሰሌዳ የሚባል ለምለም ክፍልም አለው። በጉርምስና መጨረሻ ይህ ክፍል ወደ አጥንትነት ይለወጥና ቁመት መጨመር ያበቃል።

አፍራሽና ገንቢ

አጥንት ውስጥ ሌሊትና ቀን የሚሠሩ ሁለት ዓይነት ሴሎች አሉ። ኦስቲዮክላስት የተባሉት አሮጌውን አጥንት ያፈርሳሉ፤ ኦስቲዮብላስት የተባሉት ደግሞ በቦታው አዲስ ይገነባሉ። በአዋቂ ሰው በዓመት ውስጥ ወደ አሥር በመቶ የሚሆነው አጥንት በዚህ መንገድ ይታደሳል። ከተማችን ውስጥ መንገድ ቆፍሮ የሚሄድ እንጂ መልሶ የሚሞላ አይታይም እያልን እናማርራለን፤ አጥንት ውስጥ ግን ቆፋሪው በሄደበት ሁሉ ሞይው ይከተለዋል። ሚዛኑ የሚዛባው በእርጅና፣ በተለይም ሴቶች የወር አበባ ሲያቆሙ ነው። ያኔ ቆፋሪው ይቀድማል፤ አጥንቱም ይሳሳል።

እነዚህ ሴሎች የት እንደሚገነቡ የሚነግራቸው ጭነት ነው። ክብደት የሚያርፍበት አጥንት ይወፍራል፤ ሥራ የፈታ አጥንት ይሳሳል። ጠፈርተኞች ክብደት በማይሰማበት ቦታ ሲቆዩ በየወሩ ከዳሌና ከጭን አጥንታቸው አንድ በመቶ ያህል ያጣሉ። አልጋ ላይ ለወራት የተኛ ሰውም እንዲሁ ነው። አጥንት የካልሲየም ባንክም ነው፤ በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ተቀምጧል። ልብ ለመምታት፣ ጡንቻ ለመኮማተር ካልሲየም ይፈልጋሉ። ከምግብ ካልመጣ ደም ከባንኩ ያወጣል፤ ባለቤቱን አያስፈቅድም።

የሕፃን ጎድንና ፀሐይ

ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን የሚሠራልን ፀሐይ ያገኘው ቆዳችን ነው። «13 ወር ፀሐይ ባለባት አገር ማን ፀሐይ ያጣል?» ትሉ ይሆናል። ሕፃናት ናቸው የሚያጡት። በደሴ ጉምና ብርድ ውስጥ የሚወለድ ልጅ ለወራት ተጀቡኖ ጓዳ ይቀመጣል። ብርዱ አለ፣ የሰው ዓይን ፍርሃቱም አለ። እናቶችን መውቀሴ አይደለም፤ ለልጃቸው አስበው ነው። ነገር ግን አጥንቱ ማዕድን ሳይሞላበት ያድግና ሪኬትስ ይመጣል፤ ጭድ የበዛበት፣ ጭቃ ያነሰው ግድግዳ ማለት ነው። እግሩ ይወላገዳል፤ ጎድኑም ይለሰልሳል።

የጎድን አጥንት ልብና ሳንባን የሚጠብቅ አጥር ብቻ አይደለም፤ የመተንፈሻ ማሽን አካል ነው። ስንተነፍስ ጎድናችን እንደ ባልዲ እጀታ ወደ ላይና ወደ ውጪ ይነሳል፤ ሳንባ የሚሰፋውም ያኔ ነው። ጎድኑ ከለሰለሰ ግን ሕፃኑ አየር ለመሳብ ሲታገል ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አክታውንም በጉልበት ማውጣት ያቅተዋል። ዶ/ር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት የአዲስ አበባ ጥናት ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 500 የሳንባ ምች ሕሙማን ሪኬትስ የተገኘባቸው 42 በመቶ ሲሆኑ፣ የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ግን 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የአጥንት ጉዳይ የትንፋሽ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። የጤና ባለሙያዎች ሕፃኑን ፀሐይ አሙቁት የሚሉት ለዚህ ነው። በመስኮት መስታወት የገባ ፀሐይ ግን ሙቀት እንጂ ቫይታሚን አይሰጥም፤ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

ወለምታ፣ ውልቃት፣ ስብራት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ደርሻለሁ። ሕዝባችን የአጥንትና የመጋጠሚያ ጉዳትን በሦስት ቃል በሚገባ ለይቶታል፤ እንደ እኔ ከሆነ ከመማሪያ መጽሐፋችን ይልቅ ግልጽ አድርጎታል። ወለምታ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ሲለጠጥ ወይም ሲቀደድ ነው። ውልቃት አጥንት ከመጋጠሚያው ሲወጣ ነው። ስብራት ግን አጥንቱ ራሱ ሲሰነጠቅ ወይም ሲለያይ ነው።

አጥንት ሲሰበር በውስጡ ያሉት የደም ሥሮች አብረው ይበጠሳሉና በስብራቱ ዙሪያ ደም ይጠራቀማል፤ ይረጋል። እብጠቱ አንዱ ከዚህ ነው። ይህ የረጋ ደም ቆሻሻ አይደለም፤ የጥገናው መነሻ ነው። አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮች ወደ ውስጡ ይበቅላሉ፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ በሁለቱ ጫፎች መካከል ለስላሳ ድልድይ ይዘረጋል። ካለስ ይባላል። ቀጥሎ ካለሱ ማዕድን እየሞላበት ይጠነክራል። የልጅ ክንድ በስድስት ሳምንት ገደማ ሊገጥም ይችላል፤ የአዋቂ ቅልጥም ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ከዚያ አፍራሾቹና ገንቢዎቹ ሴሎች ያንን ጉብታ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እየጠረቡ ወደ ቀድሞ ቅርፁ ያስጠጉታል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ አጥንቱን የሚገጥመው ሐኪሙም ወጌሻውም አይደለም፤ ራሱ አጥንቱ ነው። ከውጪ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ በቦታው ሆኖ አለመንቀሳቀስና ደም።

ካለስ ያለበት አጥንት ባለቤቱ ከተሰበረ በኋላ በሕይወት እንደነበር ይመሰክራል፤ የቅሪተ አካል ተመራማሪዎች ይህን እንደ ፊርማ ያነቡታል። ምሳሌውም ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ በስተደቡብ በኩል ሐዳር ይገኛል። ዛሬ በአፋር ክልል ነው፤ ድንቅነሽ ወይም ሉሲ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ስትገኝ ግን በወሎ ግዛት ሥር ነበር። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት ይህች ፍጡር ከአጽሟ ወደ 40 በመቶው ተገኝቶላታል። ቁመቷ 1.1 ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም ሕፃን አልነበረችም፤ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ በቅሏል። እ.ኤ.አ. በ2016 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቻቸው የአጥንቶቿን የሲቲ ስካን ምስል አጥንተው፣ የቀኝ ትከሻዋ አካባቢ ያለው ስብራት ከከፍታ የወደቀ ሰው እጁን ዘርግቶ መሬት ሲመታ የሚደርስበትን ይመስላል፤ ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው አሉ። ስብራቱ ላይ የመዳን ምልክት ስላልነበረ ብዙም አልቆየችም ማለታቸው ነው። አግኚዋ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ኋይት ግን አልተቀበሉትም፤ ለሚሊዮን ዓመታት አፈር የተጫነው አጥንት እንዲህ መሰነጣጠቁ የተለመደ ነው ይላሉ። ለእኔ የነ ጆሃንሰን ጥርጣሬ ሚዛን ይደፋል። ያም ሆነ ይህ ስብራቱ ላይ ካለስ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ባልተነሳ ነበር፤ ወደቀች፣ ዳነች፣ ኖረች ብለን እንዘጋው ነበር።

ወጌሻውና ማሰሪያው

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ አዛውንት ወጌሻ አነጋግሬ ነበር። «አባባ፣ እርስዎ አጥንት እንዴት ነው የሚያድኑት?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «እኔ መች አድናለሁ ልጄ፤ የሚያድነው አላህ ነው። የእኔ ሥራ ወደ ቦታው መልሼ ዝም ማሰኘት ነው» አሉኝ። ወላሂ፣ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ መጽሐፍ ላይ አላገኘሁም። «ዝም ማሰኘት» ያሉት መማሪያ መጽሐፋችን አለማንቀሳቀስ የሚለውን ነው። ብዙ ወጌሻዎች በእጃቸው ዳብሰው የወለቀ ትከሻ ይመልሳሉ፤ ቀላል ስብራትንም በቀርከሃ ስንጣሪና በጨርቅ አስረው ያቆማሉ። ቆዳው ያልተቀደደ የልጅ ስብራት በመልካም አያያዝ በአብዛኛው ራሱ ስለሚገጥም ስማቸው ይገናል።

አደጋው ያለው አጥብቆ በማሰር ላይ ነው። አጥንትን እንደ ደረቅ እንጨት የሚያይ ሰው ይበልጥ ሲጠብቅ ይበልጥ የሚገጥም ይመስለዋል። የተሰበረ እጅ ግን ከታሰረም በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ማበጡን ይቀጥላል። ማሰሪያው አይለጠጥም፤ እብጠቱ መሄጃ ያጣል፤ ግፊቱ በመጀመሪያ ጥቃቅኖቹን የደም ሥሮች፣ ቀጥሎ ትልልቆቹን ይዘጋል። ደም ያጣ ጡንቻና ነርቭ ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ በማይመለስ ሁኔታ መጎዳት ይጀምራል። ከዚያ ጣቱ ይጠቁራል፤ ጋንግሪን ይሆናል። እኛ ሰፈር አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከዋንዛ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረና ታሰረለት። ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰ። «አብሽር፣ አጥንቱ ሲገጥም ነው የሚያምህ» ተባለ። በሁለተኛው ቀን ማልቀሱን ሲተው ቤተሰቡ ተሻለው ብሎ ተደሰተ። የተሻለው መስሏቸው እንጂ ነርቩ ደንዝዞ ነበር። በአራተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሲደርስ ከክርኑ በታች ከመቁረጥ ሌላ ምርጫ አልተገኘም።

«ሐኪም ቤት ከሄድክ ይቆርጡሃል» የሚለው ወሬ የሚወለደውም እንዲህ ነው። ሰው ወሬውን ፈርቶ አይሄድም፤ ጣቱ ሲጠቁር ይሄዳል፤ ይቆረጣል፤ ወሬው እውነት ሆኖ ይመለሳል። በዚህ ላይ የትራንስፖርቱና የኤክስሬዩ ወጪ አለ፤ የገጠር ሰው ወጌሻ መምረጡ ሞኝነት አይደለም። ስለዚህ «ወጌሻ ይቅር» ብሎ መስበክ ብዙ የሚያዋጣ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2005 የእንግሊዝ የአጥንትና መጋጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ሌላ መንገድ አሳይቷል። ወጌሻዎችን ሰብስቦ የአንድ ቀን ትምህርት መስጠት ብቻውን የጋንግሪኑንም የመቁረጡንም ቁጥር ቀንሶታል። አንድ ቀን! እኛ አንድ ቻፕተር የምንጨርሰው ከዚያ በላይ ወስደን ነው።

የሚማሩት ነገር ለእኛም ይሆናል። እጅ ወይም እግር ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ አይሸፈኑ። ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ነጣ ካለ በኋላ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ቀላ ማለት አለበት። ጣቶቹን በቀስታ ቀና ስታደርጉለት የሚጮህ ከሆነ፣ ሕመሙ ከስብራቱ በላይ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ማንቀሳቀስ ካቃተው ማሰሪያው ያኔውኑ ይፈታል፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ቀጥሎ ሐኪም ቤት ነው። ጀሶም ቢሆን ያው ነው፤ የሐኪም ቤት ስለሆነ አይጠብቅም ማለት አይደለም። ቆዳ ቀዶ የወጣ አጥንት ደግሞ ከመጀመሪያውም የወጌሻ ሥራ አይደለም፤ በቁስሉ የገባ ጀርም መቅኔው ድረስ ይዘልቅና ለዓመታት መግል ሲያፈስ ሊኖር ይችላል።

እኒያ የኮምቦልቻ አዛውንት ሲያስሩ አይቻለሁ። በስንጣሪውና በቆዳው መካከል ጥጥ ያደርጋሉ፤ ከጨርቁ ሥር ጣታቸውን አስገብተው ይሞክራሉ፤ ካልገባላቸው ፈትተው እንደገና ያስራሉ። ለልጁ እናት ደግሞ «ማታ ይዘሽልኝ ነይ፣ ጣቱን ልየው» ይሏታል። ካልመጣች ልጅ ልከው ያስጠሯታል።